ያልተገናኙት እጆች

ናጊሳ ቶሚዮካ ከሥዕል ጠረጴዛዋ ሥር በጀርባዋ ተዘርራለች። ግንባሯ እስከ ቅንድቧ ተሰንጥቋል፤ ግራ ጉንጯን የፈላ ውኃ ልጦታል። የብረቱ ማንቆርቆሪያ ከራሷ አጠገብ ተጋድሟል፤ ከንፈሩ ላይ ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል። ማንቆርቆሪያው የተነሣበት የላምባ ምድጃ ግን አሁንም ይነዳል። ውጭ የኦሳካ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ክፍሉ በላብ ያጠምቃል።

«ሬሳው ሙቅ ስለሆነ መቼ እንደሞተች በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለ ሐኪሙ።

«ምድጃው እያታለለህ ነዋ!» አለች መርማሪ ሐታናካ። ጡረታዋ የተቃረበ፣ አጭር፣ ሻይዋን በፔርሙስ ይዛ የምትዞር ሴት ናት።

ምክትሏ ሺኖዳ ፈገግ አለ። «ሐኪም አያስፈልገንም። እኩለ ቀን ላይ አዲስ ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ለጥፋለች። እስከዚያ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ገዳዩም ተይዟል።»

የተያዘው እጮኛዋ ካዙማ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሲደርስ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እስከ ክርኑ በደም ተነክሮ ነበር የተገኘው። ባለፈው ወር በቅናት ተነሥቶ በሯን በእርግጫ መስበሩን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሐታናካ ስትወርድ ከደረጃው ሥር፣ ታኮያኪ የሚባለውን የሊጥ ኳስ ከሚጠብሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ትጠብቃለች።

«እርስዎ ነዎት ኃላፊዋ? እኔ ሳዋኮ ነኝ፣ የካዙማ እናት። ይሰቅሉታል አይደል?»

«እንዴ! ገና ምን ተይዞ?»

«በሩን እኔ ነኝ ያስጠገንኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ‹ልጅሽ ገደላት› የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ይኸው አሉኝ።»

«እርስዎስ ገድሏታል ብለው ያምናሉ?»

ሳዋኮ የካፖርቷን ቁልፍ አሸች። «እናቱ ነኝ» አለች። ነገ ልጇ ለዐቃቤ ሕግ ተላልፎ ይሰጣል።

ሐታናካ ተመልሳ ጠረጴዛውን መረመረች። ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ቆመዋል። በዚያ ክረምት የአገሩ ወጣት ሁሉ የስልኩን ስክሪን በናጊሳ ሥዕሎች ቀይሮ ነበር። ከሚወዱት የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ከአኒሜ፣ ሁለት ፍቅረኞችን ወስዳ፣ ጎራዴ የታጠቀውን ልጅ ለአንዱ ስልክ፣ ባህላዊውን ቀሚስ ኪሞኖ የለበሰችውን ልጅ ለሌላው ትስላለች። ስልኮቹ ሲጠጋጉ እጆቻቸው ይጨባበጣሉ። የልጁ ሥዕል ቀድሞ ወጥቷል። ሕዝቡ ሲጠብቅ የነበረው ልጅቷን ነው። ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ የምትታየው ልጅ ግን ገና እጅ የላትም።

ሥዕሎቹን አትሞ የሚሸጠው ኦጋታ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠራ እየተነፋፋ መጣ።

«እኔና ቀለም ቀቢያችን ሪንካማ የአኒሜ አድናቂዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ውስጥ ስንሸጥ ነበር፣ መርማሪ። ሥዕሉ ሲወጣ ‹አየኸው?› ብላ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። አዳራሽ ሙሉ ምስክር አለኝ፤ ግማሹ እንደ አኒሜው ጋኔን ለብሶ የመጣ ቢሆንም።»

«ስለ ሥዕሉ ምን ተባለ?»

«ጉድ ነው! የኪሞኖው ቀኝ ጠርዝ በግራው ላይ ተደርቧል። ሬሳ እንጂ ሰው እንደዚያ ይለብሳል? እጇም ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ከልጁ ጋር አይገጥምም። አሁን ሁሉም ‹ሞቷን አውቃ ነበር› እያለ ያነባል።»

«አንተስ?»

«ናጊሳ ሞቷን ብታውቅ ከእኔ ጋር ሳትጨቃጨቅ ትሞታለች?» አለ ኦጋታ።

ከእሱ ቀጥላ የገባችው ሪንካ ናት፤ የናጊሳን ሥዕሎች ቀለም የምትቀባ ቀጭን ልጅ። ግራ እጇ ላይ ትንሿን ጣትና አጠገቧ ያለችውን ብቻ የሚሸፍን ጥቁር ጓንት አለ፤ ሰዓሊዎች እጃቸው ስክሪኑ ላይ እንዳይያዝ የሚያጠልቁት ነው።

«ጠዋት ናጊሳን አግኝተሻት ነበር?»

«የሚሸጡትን ካርቶኖች ልወስድ ሄጄ ነበር። ደህና ነበረች።»

«ብዪ፣ ልጄ፣ ትኩስ ነው» ብላ ሐታናካ ታኮያኪ አቀረበችላት። ሪንካ ስትበላ ሶሱ ጓንቷ ላይ ተንጠባጠበ። አላወለቀችውም።

«ተበላሸብሽ እኮ።»

«ምንም አይደል፣ ለምጄዋለሁ።»

«እስቲ እንደ ናጊሳ አድርገሽ አንድ እጅ ሳዪልኝ።»

ሪንካ በሥዕል መሣሪያዋ ላይ በግራ እጇ መስመሩን አወጣች። ከዚያ ሳታስበው አንድ ቁልፍ ነካች፤ ሥዕሉ እንደ መስታወት ተገለበጠ፤ ጥላውን ቀባችበት። ድንገት እጇ ቆመ። ቀና አለች። ሐታናካ ሻይዋን እየጠጣች ነው።

«ለምን ገለበጥሽው?»

«ሰዓሊ ሁሉ ይገለብጣል። ስህተቱን ለማየት።»

«አሃ» አለች ሐታናካ። «ነገ ጠዋት ናጊሳ ቤት እንገናኝ።»

በማግስቱ ካዙማ እጁ በካቴና፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ ወደ ክፍሉ ገባ። ኦጋታና ሪንካ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሳዋኮ አትገቢም ብትባልም በሩን ሙጭጭ ብላ ይዛለች።

«ካዙማ፣ ናጊሳ ሥዕል ከመለጠፏ በፊት ምን ታደርግ ነበር?»

«እነዚህ ስልኮች ላይ ታየዋለች። እጆቹ ካልገጠሙ ቤቱ ቢቃጠል አትለጥፍም።»

«የልጅቷ ስልክ ያልተጨረሰውን እንደያዘ ነው። ስለዚህ የወጣውን ሥዕል የለጠፈችው ናጊሳ አይደለችም። ሌላ ሰው ጨርሶት፣ እኩለ ቀን ላይ በራሱ እንዲወጣ አዞት ሄደ። ምድጃውንም ሬሳው እንዳይቀዘቅዝ ትቶት ሄደ። የሞተችው ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ አዳራሽ መገኘት ማንንም አያድንም።»

ከዚያ የወጣውን ሥዕል የልጅቷ ስልክ ላይ ከፍታ ገለበጠችው። ኪሞኖው የሕያው ሰው ሆነ። የሁለቱ እጆች ተጨባበጡ። ኦጋታ አፉን ያዘ።

«ትንቢት አልነበረም፤ መልሶ መገልበጡን የረሳ ሰው ነበር። ስህተት ለማየትማ ሁሉም ይገለብጣል። ገልብጦ የሚቀባ ግን ጭረቱ በቀኝ እጇ የምትስለውን የናጊሳን እንዲመስል የሚፈልግ ግራኝ ነው። ካዙማ ክብ እንኳ መሳል አይችልም፤ ኦጋታም እንደዚያው።»

«እኔ ክብ እሞክራለሁ» አለ ኦጋታ። የሳቀ የለም።

«ሪንካ፣ ጓንትሽን አውልቂ።»

ሪንካ እጇን ደረቷ ላይ ሸሸገች። «ስሜን ነው የጠየቅኳት» አለች ቀስ ብላ። «ከሥዕሉ ጥግ፣ ከስሟ ሥር ስሜን እንድትጽፍ ብቻ። ሳቀችብኝ። ‹አንቺ እኮ እጄ ነሽ፤ እጅ ስም አለው?› አለችኝ።»

ጓንቱን ስትስበው ቆዳዋ አብሮ ተላጠ። የእጇ ጠርዝ ውኃ ቋጥሮ ቀልቷል።

«ውኃው መፍላቱን እንኳ አላወቅኩም። ደጋግሜ መታኋት። ዝም ስትል ነው እጄ ያቃጠለኝ። የልጅቷ እጅ ግን አላለቀም ነበር... አጠገቧ ተቀምጬ ጨረስኩት። ቆንጆ አይደለም?»

ካዙማ እንደ ታሰረ ዘለለ። እጆቹን በራሷ ላይ አሳልፎ የካቴናውን ሰንሰለት አንገቷ ላይ አጠበቀ። የሪንካ ዓይኖች ፈጠጡ፤ እግሮቿ ወለሉን ደበደቡ፤ ፊቷ ጠቆረ። ሺኖዳ ገመዱን ሲጎትት ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ሐታናካ በክርን ተመትታ ወደቀች። ሳዋኮ በሩን ለቅቃ ልጇ ክንድ ላይ ተንጠለጠለች። ስላልለቀቀ እጁን ነከሰችው፤ ደም አፏን እስኪሞላው።

«ልቀቅ! አልገደልክም! ሰማኸኝ? አልገደልክም፤ አሁን አትግደል!»

ሰንሰለቱ ላላ። ሪንካ ደም እያሳለች ወደቀች፤ ፖሊሶች ጎትተው አወጧት።

ካዙማ የተነከሰ እጁን አየ። «እማዬ፣ አንቺም እኔ ነኝ ብለሽ ነበር አይደል?»

ሳዋኮ ያንኑ እጁን በሁለት እጆቿ ይዛ በቀሚሷ ታብሰዋለች።

«ካቴናውን ፍታለት» አለች ሐታናካ ከንፈሯን እየጠረገች።

ሺኖዳ ቁልፉን ይዞ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እጁን ካልለቀቁልኝ መፍታት አልችልም።»

ሳዋኮ ግን አልለቀቀችም።