አራተኛው ጎን

በአክስቴ ላውንደሪ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ራሱን ያያል። ጥፋቱ የመስኮቱ ነው። አክስቴ ፀሐይ የሰው ልብስ እንዳታነጣባት ብላ ያስገባችው መስታወት ከውጭ ለቆመ ሰው የራሱን መልክ ይመልስለታል፤ ከውስጥ ላለ ግን መንገዱን ወለል አድርጎ ያሳያል። የኔ የካውያ ጠረጴዛ ደግሞ ልክ መስኮቱ ሥር ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ጥርሱን ሲመረምር፣ ቦርጩን ሲስብ፣ ለሚወዳት ልጅ የሚናገረውን ሲለማመድ አይቼ ጨርሻለሁ። በኋላ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ሳቄን የማፍነው በመከራ ነው።

እሱንም መጀመሪያ ከነዚያ ቆጠርኩት። ከማዶ ከሚሠራው ሕንፃ የወጣ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በሲሚንቶ የነጣ ረጅም ልጅ ነው። የምሳ ሰዓት ነበር። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ግራ ቀኝ አየና ሁለት እጆቹን ደረቱ ፊት አነሣ። ፀጉሩን ሊያስተካክል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

እጆቹ አንጓቸው ላይ እጥፍ አሉ። ጣቶቹ በአንድ ላይ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሩ፤ ክርኑ ታጠፈ፣ መዳፉ ክርኑ ሥር ገባ፣ እና ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ባዶ አየር ላይ አንድ ሳጥን ቆመ። ሳጥኑ በክንዱ ላይ ተሻገረ። ጠበበ፤ በሁለት ጣቶች መሐል የምትገባ ትንሽ መስኮት ሆነ። ተመልሶ ሰፋ፤ ደረጃ ሆነ፤ ጣቶቹ ደረጃውን ወጡበት። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እጁ ላይ ነው። እኔ ካውያዬን እንደያዝኩ ሌላውን እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። የሰው እጅ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላውቅም።

ያን ቀን የአንድ ሰውዬ ሸሚዝ አንገትጌ ተቃጠለ።

በማግስቱም መጣ፤ ከዚያም ወዲያ የምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ይመጣል። ምን እንደሆነ ስልኬ ላይ ስፈልግ አገኘሁት፤ ታቲንግ ይባላል። የመንገድ ዳንስ ነው፤ ያውም በእግር ሳይሆን በእጅና በጣት። ጥንታዊ ግድግዳ ላይ እንደተሳሉት ሰዎች ክርንና አንጓን ቀጥ አድርጎ ማጠፍ፣ ጣትን ከጣት ማጋጠም፣ ማዕዘኑ እንዳይጎብጥ መጠበቅ። ሲነገር ቀላል ይመስላል።

እኔም ጀመርኩ። ደንበኛ በሌለበት ከመስታወቱ ወዲህ ፊት ለፊቱ እቆምና የሱ እጅ በሄደበት ወገን የኔን እሰዳለሁ። የኔ ትከሻ ይነሣል፤ የሱ አይነሣም። አንጓዬ ያመኛል። ትንሿ ጣቴ ቀጥ በይ ስላት ትታጠፋለች፤ ታጠፊ ስላት ትገተራለች። ሸሚዝ እያጣጠፈ አራት ማዕዘን ሲያወጣ የኖረ እጅ፣ ራሱን ማጠፍ እንዲህ ይቸግረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ደግሞ እጆቼን አልወዳቸውም ነበር። የካውያ ጠባሳ አለባቸው፤ እንፋሎት አወፍሯቸዋል። ለደንበኛ መልስ ስሰጥ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጌ እጄን ቶሎ ወደ ታች እመልሳለሁ።

«እጅሽን ምን ነካው?» አለች አንድ ቀን አክስቴ፣ ጣቶቼን ስስባቸው አይታ።

«ደንዝዞኝ ነው።»

«ዓይንሽም ሳይደነዝዝ አልቀረም። የጠበቃው ሱሪ ሁለት መስመር ይዞ ወጥቷል።»

ሱሪውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አክስቴ አንድ ነገር ካወቀች ማወቋን ቶሎ አትናገርም፤ እንደ ልብስ ነክራ ታቆየዋለች።

እያየሁት ስቆይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዳንሱ መሐል ላይ ሲደርስ በእጆቹ የሳጥኑን ሦስት ጎን ይሠራና አራተኛውን ክፍት ይተወዋል። ይጠብቃል። አንገቱን ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋል፤ አጠገቡ ያለ ሰው እንደሚያዳምጥ። ከዚያ አንድ ሰው የዘጋለት ይመስል ይቀጥላል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ።

የሚጠብቃት ሴት ናት አልኩ። በማላውቃት፣ ባላየኋት ሴት ቀናሁ። ከቅናቴ ብዛት ነው መሰለኝ፣ በሌላ ቀን ያን ሦስት ጎን ሠርቶ ሲጠብቅ ከመስታወቱ ወዲህ እጆቼን ዘርግቼ አራተኛውን ዘጋሁት። መስታወቱ መሐላችን ነው፤ አልተነካካንም። ግን ሳጥኑ ሙሉ ሆነ። ወደድኩት። ስሙን ሳላውቅ፣ ድምፁን ሳልሰማ፣ ሰው እንዳይሰማኝ እያልኩ ወደድኩት።

ከዚያ ወዲያ ያን ጎን ሁልጊዜ የምዘጋው እኔ ሆንኩ። እሱ አያውቅም። ራሱን ያያል፤ እኔ እሱን።

አንድ ቀን ሰማዩ በምሳ ሰዓት ጠቆረና ዝናብ ጀመረ። «ኧረ መብራት አብሪ፣ ነጭና ጥቁሩን ቀላቀልሽብኝ» አለች አክስቴ ከጓዳ። አበራሁ። እሱ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠልሎ ጀመረ። ከወትሮው ደብዘዝ ብሎ ታየኝ፤ የዝናቡ ነው አልኩ። ውጭው ጨልሞ ውስጥ መብራት ሲበራ መስታወቱ እንደሚገለበጥ፣ ያኔ የሚታየው ውስጥ ያለው ሰው እንደሆነ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በየማታው መጋረጃ የምዘጋው ለዚሁ ነው። በቀን ግን ትዝም አላለኝ።

ሦስቱን ጎን ሠራ። እኔ አራተኛውን ዘጋሁ። አልቀጠለም።

ቀና ስል ያየኛል። ፊቴን አይደለም፤ እጆቼን። እሱም አላወረደ፣ እኔም አላወረድኩ። ከዚያ ፊቱ አንድ ነገር እንደወደቀበት ሰው ሆነ፤ ቦርሳውን አንሥቶ እየዘነበበት ሄደ።

በነጋታው አልመጣም። ከዚያም ቀረ። እኔ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር አንድ ሸሚዝ ደጋግሜ እተኩሳለሁ።

አክስቴ በዚያው ሰሞን መስታወቱን አስቀየረች። ሰዎቹ አንጸባራቂውን አውርደው ከውስጥም ከውጭም እኩል የሚያሳየውን ነጩን ሲገጥሙ አጠገቤ ቆማ ታያለች።

«ተደብቆ ሰው የሚያይ ወይ ሌባ ነው ወይ ሰላይ ነው» አለች። «አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ምንም። እሱ ነው የቸገረኝ። የማዶው ሕንፃ ሥራ እያለቀ ነው፤ ሴራሚክ የሚያነጥፉት፣ ያንቺውም ልጅ ከነሱ ነው፣ ነገ ይወጣሉ አሉ።»

እጄ ላይ ያለው ካውያ ከበደኝ። «ሄጄ ምን እላለሁ?»

«የረሳኸው ልብስ አለ በይው።»

«ልብስ አሳጥቦ አያውቅም እኮ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ ሱሪውን አይቼዋለሁ» አለችና ካውያውን ከእጄ ወሰደችው። «ሂጂ አሁን። አንድ እጅ አያጨበጭብም።»

የማዶው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አገኘሁት። ተንበርክኮ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ውሃ ልኩን ያስቀምጣል፣ ዝቅ ብሎ ያያል፣ በጎማው መዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እኔ የ... ከማዶ...»

«አውቄሻለሁ» አለ ከእጄ በላይ ቀና ሳይል። «እጅሽን።»

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። «ተቀይመህ ነው የቀረኸው?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ድምፁ ካሰብኩት የወፈረና የለሰለሰ ነበር። «ያ የዘጋሽው ቦታ የእህቴ ነው። ታላቄ ናት፤ ዳንሱን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነው የምንሠራው፤ ሰው ፊት ስንቆም እሷ በቀኜ ናት። በኋላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ አይመለስም ይላሉ። እኔ ግን ቦታዋን ክፍት አድርጌ እለማመዳለሁ። ስትድን ረስቼው እንዳታገኘኝ ብዬ።»

አንዲት በሕመም ላይ ያለች እህት ላይ ስቀና ከርሜያለሁ ማለት ነው።

«ያን ቀን ስትዘጊው» አለ፣ አሁን ፊቴን እያየ፣ «ደስ አለኝ። የሸሸሁት ደስ ስላለኝ ነው። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ደስ ካለኝ፣ አትድንም ብዬ ፈረድኩባት ማለት ነው።»

«ቦታዋን ልወስድ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነገ ይሄዳል ሲሉኝ መቀመጥ ስላቃተኝ።»

ያነጠፈውን ሴራሚክ በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ይበልጥ ቆሸሸ እንጂ አልጠራም። «እሷን እንጠይቃት» አለ።

እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ወሰደኝ። እህቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ቀጥ ያለ፣ ሹሩባዋ ያማረ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ካለው ፎጣ ሥር የደበቀች። እጅ መደበቅን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለምና ወዲያው ገባኝ።

«የላውንደሪዋ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ላውንደሪ ከሆንሽ ይህን ሱሪ እንዴት ችለሽ አየሽው?»

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ከግድግዳው ተጠግቶ መሬት መሬት ያያል። ሁሉን ነግሯታል ማለት ነው። እሷም አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«እስቲ ከቀኙ ቁሚ» አለች። «ልያችሁ።»

ቆምኩ። ጀመርን። ጉድ ሆንኩ። እሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ እኔ ወደ ግራ፤ እሱ ሲያነሣ እኔ የማነሣው የተሳሳተውን እጅ ነው። ክርኔ ክንዱን መታው፣ ሳጥኑ ፈረሰ፣ ሁለተኛ ስንሞክር አፍንጫውን ልነካው ምንም አልቀረኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እህቱ ግን ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወንድሟ ሳቋን ሲሰማ ዞሮ አያት፤ ከሰማው የቆየ መሆኑ ያስታውቃል።

«የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ።

«ፊት ለፊቱ ቆሜ። ከመስታወቱ ወዲያ።»

ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። «እንግዲያው ፊት ለፊት ቁሙ።»

ዞርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሐላችን መስታወት አልነበረም። እጁን አነሣ፤ ተከተልኩት። የሱ ቀኝ የኔን ግራ አገኘው፤ አንጓችን እኩል ታጠፈ፤ ጣቶቹ ጣቶቼ ላይ ዐረፉ፣ ሞቃትና ሻካራ። ሳጥኑ ተዘጋ። ተከፈተ፤ ከውስጡ ሌላ ሳጥን ወጣ፤ ደረጃው በሱ ክንድ ወጥቶ በኔ ክንድ ወረደ። ትንሿ ጣቴ ሳትታዘዝ የቀረችበት አንድም ቦታ አልነበረም። ያን ጠባሳማ እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ፣ እንዲህ ያምር ነበር።

ያ ቦታ ደረሰ። እሱ እጆቹን ከፍቶ ጠበቀ፤ እኔ ግን አልዘጋሁም። እሷን አየሁ።

«አንተ» አለችው እህቱ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «የኔ ቦታ በጎንህ ነው። ይህች የቆመችው ፊትህ ነው፤ እዚያ እኔ ቆሜ አላውቅም። ምኔን ወሰደችብኝ?»

ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

«ደግሞ የኔን ቦታ ማን ባዶ ነው አለህ?» ብላ ፎጣውን ከጭኗ ገለል አደረገችው። ተነሣች። በቀኙ መጥታ ቆመች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ከአንጓዋ እስከ ጣቷ ጫፍ። አልደበቀችውም። እሱ ሁለቱን ጎን ሠራ፣ እኔ ከፊቱ ሦስተኛውን፤ እሷ እጇን ቀስ ብላ አምጥታ አራተኛውን ዘጋችው።

ሳጥኑ በአንድ ጎኑ ተንቀጠቀጠ። አልፈረሰም። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆምን አላውቅም፤ ከመካከላችን ቀድሞ እጁን ማውረድ የፈለገ አልነበረም።

ሕንፃው ካለቀ ቆየ። እሱ አሁን ሌላ ሰፈር ነው የሚያነጥፈው፤ የምሳ ሰዓት ሲሆን ግን ይመጣል። ሱሪውን አሳጥባለሁ ይላል፤ እስካሁን አላሳጠበም። ከላውንደሪው ደጃፍ ፊት ለፊት እንቆማለን። አላፊ አግዳሚው አሁንም ቆም ይላል፤ የሚያየው ግን ራሱን አይደለም። አክስቴ ከነጩ መስታወት ወዲያ ሆና «አንገትጌ ተቃጠለ» እያለች ታስጠነቅቀናለች፤ ካውያውን የያዘችው እሷው ናት።

ቀድሞ ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ራሱን መስታወት ውስጥ ያይ ነበር። አሁን የሚያየው እኔን ነው።