የማክሰኞው ልደት

«ሎሚ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ» አለ ቀነዓ፣ የራሱን ሳይገልጥ።

ዐይኑ ተጨፍኖ እንዴት እንዳያት እሱ ነው የሚያውቀው። ሎሚ ጨፈነች፤ ወዲያው መልሳ ገለጠች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ከኮርኒሱ ላይ አራት ፊኛዎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ከትናንት ጀምሮ እየሟሸሸ ወርዶ የጉዲቱ አፍንጫ ጋ ሊደርስ ነው። ምንጣፉ ላይ አሥራ ሁለት ልጆች ተንበርክከው በሹክሹክታ ይጸልያሉ። በሹክሹክታ ማልቀስም ይቻላል፤ ጉዲቱ ተክናበታለች። ከሎሚ ግን አንድ ጠብታ እንባ እንኳ አልወጣም። የሚሰማት ረሃብ ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር የቀነዓ ዕቅድ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች አራት ዓመት ሆኗታል፤ አዳራሹ አሁን የእህል መጋዘን ነው። ወጣቶቹ የሚሰበሰቡት በየቤቱ ተደብቀው ሲሆን፣ እንደዚያ ሲሰበሰቡ የተያዙም አሉ። የቀነዓ ታላቅ ወንድም ከእነሱ አንዱ ነው፤ እስካሁን አልተፈታም። ቀነዓ ግን «ቀዝቅዘናል፤ መታደስ አለብን» ብሎ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጾም ጸሎት አወጀ። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እህል ውሃ የለም። ለቀበሌው ደግሞ ልደት ነው ተባለ፤ የሎሚ ልደት። ሰኔ የተወለደችው ልጅ በጥር አሥራ አምስት ዓመት እንዲሞላት ተወሰነ። ሰኞ ዝግጅት፣ ማክሰኞ ልደት፣ ረቡዕ ጽዳት።

«ልደትና ጾም በአንድ ቀን እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«በእምነት» አላት።

እናትና አባቷ እህል ሊገዙ አርሲ ነገሌ ሄደዋል። ጸሎቱን ያውቃሉ፤ ልደቱን አያውቁም። የቀበሌውን ፈቃድ የጠየቀችው ራሷ ሎሚ ናት። ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋወርቅ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ስለሆኑ ቀላል ነበር። «ልደቴ ነው» አለቻቸው፤ በቃ።

የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። መጽሐፍ ቅዱሶቹ ፍራሽ ሥር ገቡ። አንዱ ልጅ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው።

እትዬ ሸዋወርቅ በትሪ ድፎ ዳቦና ቢላዋ ይዘው፣ በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሸጉጠው ገቡ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆች። ምነው ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ?» ጉዲቱን አዩዋት። «ይቺ ምን ሆና ነው ዐይኗ የቀላው?»

«ሽንኩርት ስትከትፍ ነው» አለ ቀነዓ።

«ወጥ ሠርታችኋል እንዴ? አልሸተተኝም።»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጥቅሉን ለሎሚ ሰጧት። ሰማያዊ ሹራብ ነው። «ልደቴ ነው ስትይኝ ባዶ እጄን ልምጣ? ክሩን የራሴን ሹራብ ተርትሬ ነው ያወጣሁት፤ ግን ጠንካራ ነው።»

ለናዝሬት ፀሐይ ሹራብ። ሎሚ ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እትዬ ሸዋወርቅ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ኪሮሽ ይዘው ሲሠሩ በየቀኑ እያየቻቸው ነበር ያለፈችው።

«በሉ ቁረሱ እንጂ።»

ማንም አልተነሳም።

«ጠግበናል፣ እትዬ» አለ ቀነዓ።

የጉዲቱ ሆድ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ጮኸ።

«የዚችኛዋ ሆድ ሌላ ይላል። ማክሰኞ የምን ጾም አለ ደግሞ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙኝ። ሰንበታ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«ዋቃ ኮ» አለች ጉዲቱ፣ አምላኳን በኦሮምኛ እየጠራች። ሰንበታ የአብዮት ጥበቃ ነው፤ የቀነዓን ወንድም የወሰደውም እሱ ነው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ‹የሦስት ቀን ልደት ምንድን ነው› ብለው እንዲያይ ልከውት ነው። ፈቃዱ ላይ ያለው የኔ ፊርማ ነው። የማውቃት ልጅ ናት፣ ልደቷ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። እየበላችሁ፣ እየጨፈራችሁ ያግኛችሁ።»

ሎሚ ፊርማ እንዳለ አታውቅም ነበር። ቀነዓን አየችው፤ ራሱን በትንሹ ነቀነቀባት፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። እንደዚያ ሲነቀንቅባት ሁለት ቀን ያስቆጠረው ብስጭት ሁሉ ገነፈለባት።

«እትዬ፣ ልደቴ ዛሬ አይደለም። ሰኔ ነው። እየጾምን ነው፤ እየጸለይን።»

እትዬ ሸዋወርቅ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ጴንጤ ናችሁ።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ፈረምኩ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስትጠይቂኝ እኮ ዐይን ዐይኔን እያየሽ ነበር።»

ሎሚ ዐይኗን ወደ ሹራቡ አወረደች። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሹራቡን መልሰው የሚወስዱት መሰላት፤ አልወሰዱም። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ሰንበታ ልደት ያልሆነ ነገር ካየ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ከወጡ በኋላ ቀነዓ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አቦ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትነግሪያቸው?»

«ስላታለልኳቸው።»

«እሺ፣ ሰንበታ ሲመጣ ዳቦውን በእጃችን ይዘን እንቀመጣለን። ጾሙ ግን አይፈታም። ቃል ገብተናል።»

«ዳቦ በእጁ ይዞ የማይበላ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያውም አሥራ ሦስታችን? ሰንበታን ፋራ አደረግኸው እንዴ? ቃል የገባነው እኛ፣ የሚታሰሩት እሳቸው?»

ቀነዓ እጁን ከፊቱ አወረደ። «ወንድሜ እዚያም ሆኖ ይጾማል» አለ ቀስ ብሎ። «ያንን እያሰብኩ ነው የምጾመው።»

ሎሚ እንደዚህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ልትቆጣው ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

ሹራቡን ከቀሚሷ ላይ ለበሰችው። ይሞቃል። እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ይሄዳል፤ ገና ታድጋለች ብለው ይሆናል ያስረዘሙት። አጠፈችውና ቢላዋውን አነሳች። ሳትንበረከክ፣ ዐይኗንም ሳትጨፍን፣ ከትናንት ጀምሮ እምቢ ያላት ጸሎት መጣላት። አጭር ነው፤ «እትዬ ሸዋወርቅን ጠብቅልኝ» የሚል ብቻ።

ዳቦውን ቆረሰች። አንዱን ቁራሽ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ሌላውን ለቀነዓ ዘረጋችለት። እሱ እጁን አላነሳም። እሷም እጇን አላጠፈችም።

የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

«ጉዲቱ፣ ክፈቺለት» አለች ሎሚ፣ አፏ በዳቦ እንደሞላ።