በካፖርት ሥር ያለው ጣሳ

ጆሮ ጠቢ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የሰው ነገር ስለማያመልጣት እናቷ ያወጣችላት ነው። ከእናቷና ከስድስት ዓመት ወንድሟ ጋር ከልብስ ስፌት ሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች።

በዚያ የብርድ ወር መንገዱ ላይ በረዶ ይጋገራል። እናቷ በየጠዋቱ መርፌውን ከአፏ አውጥታ፣ «አውቶቡሱ ሳይቆም እንዳትጠጉ። የወንድምሽን እጅ እንዳትለቂ!» ትላለች።

ሰኞ። ፌርማታው ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። የዳቦ ቤት እሳት አንዳጅ ናቸው። ካፖርታቸው ሥር የሆነ ነገር አብጧል።

ማክሰኞ። ያው እብጠት። ጫፉ ብቅ አለ፤ ጣሳ ነው! ልጅቷን ሲያዩ ካፖርቱን ጠበቅ አደረጉት። ለምን?

ረቡዕ። ጫማቸው በአውቶቡሱ ወለል ላይ ግራጫ ዱካ ተወ። «ዱቄት!» አለች በልቧ። «ከዳቦ ቤቱ ይሰርቃሉ።»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? ማሰቡስ ባልከፋ።

ሐሙስ ለሾፌሩ ነገረችው።

«ሲሰርቁ አይተሻል?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ሾፌሩ ዞረ። «አባባ፣ የተሰረቀ ዕቃ ይዘው እኔ አውቶቡስ ላይ አይወጡም።»

ተሳፋሪው ሁሉ አፈጠጠባቸው። ጣሳውን ከፍቶ ያየ ግን የለም።

«መቼም የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» አሉ ሽማግሌው። ጣሳውን ከፌርማታው ምሰሶ ሥር ትተው በእግራቸው ሄዱ።

ዓርብ። ሽማግሌው የሉም። ፌርማታው እንደ መስታወት ያበራል። አውቶቡሱ ብቅ ሲል ትንሹ ወንድሟ፣ «መስኮት ጋ እኔ ነኝ!» ብሎ እጇን አስለቅቆ ሮጠ። እግሩ ከዳው። በጀርባው እየተንሸራተተ ወደ ጎማው ሄደ።

ፍሬኑ ጮኸ። ጎማው ኮፍያው ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

«ተርፌያለሁ?» አለ ትንሹ።

ጆሮ ጠቢ ምሰሶውን ስትደገፍ እግሯ ጣሳውን መታው። ክዳኑ ተከፈተ። አመድ! ደረቅ የምድጃ አመድ። የፈሰሰበት ላይ ቆመች፤ አላንሸራተታትም። ሽማግሌው ሰው ሳይመጣ በየጠዋቱ የሚነሰንሱት ይህንን ነበር። እሷ ካፖርታቸውን ስትሰልል እግሯ ሥር አይታ አታውቅም።

ቅዳሜ ማለዳ ጣሳውን ይዛ ከእናቷ ጋር ዳቦ ቤት ሄደች።

«አባባ፣ ሲሰርቁ አላየሁም። ዋሽቼ ነው። ግን ለምን ደበቁት?»

«አመድ ከረጠበ ምን ይረባል፣ ልጄ?» እሳቱን ቆሰቆሱ። «እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። ስሜ የጠፋው ግን እዚህ አይደለም።»

ሰኞ ሽማግሌው ከፌርማታው ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ጆሮ ጠቢ አውቶቡሱ እስኪቆም ጠበቀች። የወንድሟን እጅ ይዛ ወጣች። የመግቢያውን ብረት ጨብጣ በሁሉም ፊት፣ «ዋሽቻለሁ» አለች። «ጣሳው ውስጥ ያለው አመድ ነው። እንዳንወድቅ ብለው ነው።»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በበሩ ብቅ ብሎ ተጣራ።

«አባባ፣ ከነጣሳዎ ይግቡ እንጂ!»

ልጆቼ፣ ሰውን ስትጠረጥሩ ቀርባችሁ ጠይቁ እንጂ ያላያችሁትን አየን ብላችሁ አትመስክሩበት።