ከወሰን የተነቀለችው አበባ

ይህን የነገረችኝ ራሷ ሀቢባ ናት፤ ወረታ ገበያ ጥግ ሱቅ ያላት፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት። ያላመነ ሄዶ ይጠይቃት። ጊዜው ያለፈው ኅዳር ነው። ሰዓቱም ሁልጊዜ አንድ ነው... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሀቢባ ሩዝ ልትገዛ ቁሐር ሚካኤል ወርዳ፣ ሩዝ ከምትሸጥላት ገበሬ ከሸዋነሽ ማሳ ዳር አንዲት ቢጫ የዱር አበባ አየች። ወደደቻት። ማንንም ሳትጠይቅ ከነአፈሯ ነቅላ ወሰደቻትና፣ በተቆረጠ ጀሪካን ተክላ በረንዳዋ ላይ አኖረቻት።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሲኒ ውሃ ታጠጣታለች። አንድ ሲኒ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

"ያስሚን፣ አንች ነሽ ያጠጣሻት?" አለቻት፣ አብራቸው የምትኖረውን የባሏን እህት።

"ኧረ ወላሂ አልነካኋትም!"

በማግስቱ አበባዋ የበሩ ደፍ ላይ ተገኘች። በሌላው ቀን ሳሎን መሃል... ሁልጊዜ ወደ ውስጥ።

ሀቢባ ምን ታስብ? ያስሚን ድግምት ደግማብኛለች አለች። አራት ዓመት ከአንድ ትሪ አብራት የበላችውን ልጅ፣ ሻንጣዋን አስይዛ ወደ ይፋግ ሰደደቻት። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ከዚያ የአምስት ዓመት ልጇን ከውሰርን አስተኝታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ሱቅ ተቀመጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ ከፈተች።

አበባዋ አልጋው እግር ሥር ናት። ወለሉ የፎገራ ጥቁር ጭቃ ለብሷል። ከውሰር አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች።

"እማ..." አለች በሹክሹክታ። "ከአበባዋ ወዲህ እንዳትመጭ ብሏል።"

"ማን?"

ከውሰር በጣቷ ወደ ጭቃው ጠቆመች።

ሀቢባ ልጇን አቅፋ፣ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር አደረች። በማግስቱ ከውሰርንም አበባዋንም ይዛ በባጃጅ ቁሐር ወረደች።

ሸዋነሽ ጀሪካኑን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምነው እቴ! ይች'ኮ አባቶቻችን ለወሰን የተከሏት ናት። ከሷ ወዲህ የኛ... ከሷ ወዲያ የውሃው። እሷ በሄደችበት ወሰኑም ይሄዳል።"

ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ከነበረችበት መልሰው ተከሏት። ሀቢባ እፎይ አለች። ያስሚንን ይቅርታ ልትጠይቅ ስልኳን አወጣች። ስምንት ሰዓት ሆኗል።

"እማ..."

ቀና አለች።

ከውሰር ከአበባዋ ወዲያ ቆማለች። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ከፀጉሯ ግን ውሃ ይንጠባጠባል።

"እማ... እኔ የማን ነኝ?"