የሩቁ ነጥብ ሙቀት

የባሕር ሙቀት መለኪያ ጣቢያው ኃላፊ አስከሬን ከጀልባ ማቆሚያው መድረክ ሥር ሲወጣ፣ ያወጣው ጠላቂ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። የሞተው ዛሬ ማለዳ ነው፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ጥያቄ ስለማይሰለቻት ባልደረቦቿ «ለምን» የሚሏት መርማሪ ግን መጀመሪያ ያየችው ጠላቂውን ነው።

«ምነው እንዲህ ተንቀጠቀጥክ?»

«ኧረ ውኃው በረዶ ነው! በዚህ ወር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

በካቴና የታሰረ ተጠርጣሪ አስቀድሞ ተገኝቷል፤ የጣቢያው ጀልባ ካፒቴን፣ የሟች ሚስት ታናሽ ወንድም። ያስያዘችውም የገዛ እህቱ ናት።

«ትናንት ቤቴ ውስጥ ‹እገልሃለሁ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች፣ ዓይኗ ደም ለብሶ። «ባሌን ቀብሬ ወንድሜን እስር ቤት ልጠይቅ?»

«የጀልባዋን ሞተር አላስጠግንም ቢለኝ ተናድጄ ነው፣ እትዬ! ጠዋት ተኝቼ ነበር።» መተኛቱን ያየለት ሰው ግን የለም።

«ባለቤትሽን ሰሞኑን ያሳሰበው ነገር ነበር?» አለች «ለምን»።

«የሙቀት ካርታውን እያየ ‹ባሕር እንዲህ ጨዋ አይደለም› ይል ነበር። እኔ ምኑም አይገባኝ።»

ይህች ቃል መርማሪዋን እንደ እሾህ ወጋቻት። በቀጥታ ወደ ካርታ ሠሪው ክፍል ሄደች። ሰውዬው ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ ሰጣት። ሥራው በየማለዳው በትንሿ ጀልባ ብቻውን ሩቁ የመለኪያ ነጥብ ድረስ እየሄደ ውኃውን መለካት፣ ከዚያ ካርታውን መቀባት ነው፤ ሞቃቱን ቀይ፣ ቀዝቃዛውን ሰማያዊ።

«ዛሬም ኃላፊው ሲሞቱ እዚያው ነበርኩ። ልኬቱ ይኸው፣ ሃያ ስምንት ዲግሪ።»

«ባሕሩ እንዴት ነበር?»

«እንደ ወትሮው ለብ ያለ። እጄን ነክሬ አይቻለሁ።»

ከሰዓት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ካፒቴኑ ከነካቴናው ቆመ፤ እህቱ ፊቷን አዞረችበት።

«የሰሞኑ ነፋስ ሞቃቱን ውኃ ወደ ውጭ ገፍቶ ከታች ቀዝቃዛውን አውጥቷል» አለች «ለምን»። «የዛሬው የሳተላይት ምስል ይኸው። ከመድረኩ እስከ ሩቁ ነጥብ ሰማያዊ ነው። ያንተ ካርታ ግን ቀይ ነው።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናላ!» አለ ካርታ ሠሪው።

«እጅህስ? እሱም ተበላሸ?»

ሰውዬው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሃያ ስምንት ከየት መጣ? የድሮ ልኬቶችህን አስደመርኩ። የዚህ ወር የአሥር ዓመት አማካይ ነው! ልኬት ሲጎድልህ በአማካይ ትሞላለህ። ሩቁ ነጥብ መሄድ ከተውክ ቆይተሃል፤ ስለዚህ ካርታህ ላይ ባሕሩ አንድም ቀን ከልማዱ ወጥቶ አያውቅም። ሟች የነቃብህ በዚህ ነው። ዛሬም በልማድህ ሞላህ፤ ዛሬ ግን ባሕሩ አላገዘህም። እዚያ ካልነበርክ የት ነበርክ?»

ካርታ ሠሪው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ኃላፊው መድረኩ ላይ ጠብቀው ‹ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ› አሉኝ። ብንሄድ ያልቅልኝ ነበር። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር…»

እህትየዋ ተንደርድራ ወንድሟ ደረት ላይ ወደቀች። «በገዛ አፌ ላስበላህ ነበር! ይቅር በለኝ!»

ካፒቴኑ እንባው እየወረደ ሳቀ። «ይቅርስ ብዬሻለሁ፣ እትዬ። ልቀፍሽ ብል ግን እጄ ታስሯል። ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ፤ በይ አስፈቺኝ።»