የአንሙት እንጥል

አንሙት እንደገና ደም ተፋ። ሥራነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ልትጠርግለት ፈለገች፤ ነጠላው ግን ንጹሕ ቦታ አልቀረውም።

ወንድሟ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ጉሮሮው አብጦ መዋጥ ስላቃተው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጠዋት እንጥሉን ቆረጡለት። የሥራነሽንም እንጥል በልጅነቷ የቆረጡት እርሳቸው ነበሩ፤ የእርሷ ደም ወዲያው ቆሟል። የአንሙት ግን እንቢ አለ። እናቷ ሌላ ልጅ ወልዳ አራስ ስለሆነች ሥራነሽ ብቻዋን አዝላው ደብረ ማርቆስ ገባች፤ ጣሊያን ወዳቆመው ሐኪም ቤት። አባቷ ፈንታዬ ዱር ገብቶ የሚዋጋው ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ነው።

ሐኪሙ ልጁን ወንበር ላይ አስቀመጠና በመድኃኒት የራሰ ጨርቅ በመቆንጠጫ ይዞ ጉሮሮው ውስጥ ከተተ፤ ተጭኖም ያዘ። አንሙት ተንፈራገጠ። ራሱን አጥብቃ የያዘችው ሥራነሽ ነበረች። ጠዋትም የያዘችው እርሷው ናት።

ጨርቁ ሲወጣ ደሙ ቆሟል። የጎረቤት መንደር ካቃጠሉት ወገን የሆነ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ብላ ሥራነሽ አስባ አታውቅም።

«ደሙ ሊያገረሽ ስለሚችል እዚሁ ይደር ብሏል» አለ አስተርጓሚው ካሴ፣ የደምበጫ ሰው። «ነገ ደግሞ ያየዋል። አባትሽ ማን ይባላል?»

«አባቴ ሞቷል።»

በቁም ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት እንደሆነ እየሰማች ነው ያደገችው።

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ካሴ ትከሻዋ ላይ የወረደውን ሹሩባ ተመለከተ።

«በእኛ አገር አባት የሞተባት ልጅ ራሷን ትላጫለች። በእናንተ በኩል ልማዱ ተሽሯል እንዴ?»

ካሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ የነገርሽኝን እነግራቸዋለሁ፤ የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። ነገ ጠዋት ግን የበሽተኛ ዘመድ የሚመረምሩ ወታደሮች ይመጣሉ። እነርሱም ዓይን አላቸው። አሁን ልጁን ይዘሽ ብትሄጂ የሚከለክልሽ የለም።»

«ደሙ መንገድ ላይ ቢያገረሽበትስ?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ እኅቴ።»

ሥራነሽ ወንድሟን አየችው። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ደረቱ በዝግታ ይነሣል፣ ይወድቃል። እጇ ወደ ሹሩባዋ ሄደ። እናቷ ከመውለዷ በፊት የሠራችላት ነው። አራስ እናት የልጇን ራስ ተላጭቶ ስታይ ባሏ ሞተ ከማለት ሌላ ምን ታስባለች?

«ጌታዬ፣ መቀስ ያውሱኛል?»

ካሴ ጨርቅ የሚቆረጥበትን መቀስ አቀበላትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የመጀመሪያው ጉንጉን ደም በጠጣው ነጠላ ላይ ወደቀ። ስትመለስ ከደጅ ቆማ ራሷን ከማሳየቷ በፊት «አባባ አልሞተም» ማለት ይኖርባታል። ቃሉን በልቧ ደገመችውና ሁለተኛውን ጉንጉን ያዘች።