ሁለት መስመር ያላት እናት

«ኧረ እየሸሸ ነው! ወደ ኋላ እየሄደ ነው!» ብሎ ሬዲዮ የሚሉት ልጅ ጮኸ።

ሚጣ ጎንበስ ብላ አየች። እውነቱን ነው። ዲኤንኤ በሚለይበት ዝልግልግ ሰሌዳ፣ በጄሉ ጫፍ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የጨመሩት ዲኤንኤ ያለበት ሰማያዊ ጠብታ ወደ ፊት በመጓዝ ፈንታ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ውሃው ውስጥ እየተበተነ ነበር። የአርባ ደቂቃ ልፋታቸው አብሮት ሄደ። ቀዩን የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ የሰካችው ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ እሷው ራሷ ናት።

«ጉድ ፈላ!» አለ ሬዲዮ። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት ዝም ማለት የሚባል ነገር ስላልፈጠረበት ነው። «ቲቸር! የኛ ዲኤንኤ ከአገር ወጣ!»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። የባዮሎጂ መምህሯ ማብሪያውን አጠፋችና «ዲኤንኤ የሚሄደው ወደ ቀዩ ነው ብዬ ስንቴ ተናገርኩ?» አለች። «በሉ እንግዲህ፣ ከሰዓት በኋላ የሌሎቹን ውጤት ስናይ ትገለብጣላችሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሚጣ እሺ ብላ ትቀመጥ ነበር። የዛሬው ሙከራ ግን ስለ ጡት ካንሰር ነው። መምህሯ ያመጣችው ናሙና ከእውነተኛ ሰው የተወሰደ ባይሆንም እንደ አንድ ቤተሰብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ። ጤነኛ ጂን ብቻ ያለው ሰው ጄሉ ላይ አንድ መስመር ያሳያል። ከወላጁ የተበላሸ ጂን የወረሰ ሁለት መስመር ይወጣለታል።

የሚጣ እናት ሁለት መስመር ካላቸው ሰዎች አንዷ ናት። አምና ታክማ ድናለች፤ ከክፍሉ ልጆች ይህን የሚያውቅ አንድም የለም። ሐኪሙ እናቷን «እህትሽም ትመርመር» ካላት ሁለት ወር ሆኖታል። እናቷ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ብትለምናት፣ አክስቷ «የምን በሽታ? ልታሟርቺብኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ተኮራርፈዋል። ሚጣ እናቷን ያገኘው አክስቷንም እንዳያገኛት ትፈራለች። ሐሳቧ ዛሬ በገዛ እጇ የሠራችውን ውጤት ይዛ ሄዳ አክስቷን ማሳመን ነበር።

«ቲቸር፣ በምሳ ሰዓት እንደገና ልሥራው» አለች።

«ምሳሽስ?»

«ይቅርብኝ።»

መምህሯ የናሙናውን ብልቃጥ አሳየቻት። «የቀረው ናሙና ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው። ከተበላሸ አለቀ።»

ሬዲዮ ስለ ሆዱ እያጉረመረመ አብሯት ቀረ። ሚጣ ጠብታ መጨመሪያውን ፒፔት ጉድጓዷ ላይ አነጣጠረች። ጫፉን ሁለቴ መልሳ አስተካከለች። «አይዞሽ፣ ቀስ» አላት፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። ሦስቱንም ሞላች። ሽቦዎቹን አንዴ ሰክታ ሦስቴ አረጋገጠች። ሰማያዊው ቀለም እያዘገመ ወደ ቀዩ መጓዝ ጀመረ።

ተማሪዎቹ ሲመለሱ መምህሯ በመጀመሪያ የሚጣን ጄል መስመሮቹን በሚያሳየው መብራት ላይ አኖረችው። እናትየዋ ሁለት መስመር። ወንዱ ልጅም ሁለት። ሴቷ ልጅ አንድ ብቻ።

«እንዴ!» አለ ሬዲዮ። «ወንዱ? ምን ጡት አለውና?»

«ብዙ ጊዜ ባይሆንም ወንድም ይያዛል» አለች መምህሯ። «ለልጆቹም ሊያወርስ ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።»

«እናትየዋስ በቃ አለቀላት ማለት ነዋ» አለች አንዲት ልጅ ከኋላ።

ሚጣ ወደ ኋላ ዞረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«አላለቀላትም!» አለች። «የኔ እናት ሁለት መስመር ነው ያላት። ካንሰሩም ይዟት ነበር፤ ታክማ ድናለች። ዛሬ ጠዋት እንኳን ካልሲሽን አንሺ ብላ ስትጮህብኝ ጎረቤቱ በሙሉ ሰምቷል።»

ሬዲዮ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሚጣ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ደስ አላት፤ ከልቧ ደስ አላት።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ሄደች። የጄሉን ፎቶ ያነሳችበትን ስልክ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠችላት።

«ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አክስቴ። የአንድ ቤተሰብ ነው፤ እናትየዋ የተበላሸው ጂን አለባት፤ ልጅቷ የለባትም። ሳይመረመሩ ማንም በግምት አያውቀውም።»

አክስቷ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። «ካለብኝስ?»

«ካለብሽ ታመምሽ ማለት አይደለም። ሐኪሞቹ በየጊዜው ያዩሻል፤ ቢመጣ እንኳ በእንጭጩ ይደርሱበታል።»

አክስቷ ፎቶውን እያጎላች አየችው። «ፈርቼ እኮ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፈሪዋ እኔ፣ የተሰደበችው እሷ።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «በይ፣ ለእናትሽ ደውይና እመረመራለሁ ብላለች በያት። ብቻዬን ግን አልሄድም።»

ሚጣ ደወለች። ስልኩ መጥራት ሲጀምር ከጆሮዋ አነሳችና ለአክስቷ አቀበለቻት።